ባትሪው አኮረፈ፣ ኢንቨርተሩ ደነቆረ

የድሮ ዕቃ ይሰበር ነበር እንጂ አያኮርፍም ነበር! ምን ማለቴ መሰላችሁ... ራዲዮ ሲበላሽ ጀርባውን በመዳፍ ጠፍ ታደርጉታላችሁ፣ ይናገራል። ፋኖስ ሲጨልም ክሩን ትቆርጡለታላችሁ፣ ይበራል። ቂም የለ፣ ኩርፊያ የለ! የዘንድሮ ዕቃ ግን አንጎል ተገጥሞለታል። አንጎል ያለው ፍጥረት ደግሞ፣ ከሟች ባለቤቴ እንደተማርኩት፣ ማኩረፉ አይቀርም።

ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ ሳይፈርሱ ከተረፉት ጥቂት ግቢዎች አንዷ የእኛ ናት። ግቢው ያለው አንድ ማቀዝቀዣ ነው፤ የሚቆመውም በእኔ በረንዳ ላይ ነው። ውስጡ የማይገባ ነገር የለም፤ የሁሉም የበላይ ግን የዘሀራ የስኳር መርፌ ነው። ዘሀራ ከወሎ በልጅነቷ መጥታ ግድግዳ ለግድግዳ አብረን ያረጀን ጎረቤቴ ናት። መድኃኒቷ ብርድ ካላገኘ ይበላሻል። መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ... ሲመጣ አይናገር፣ ሲሄድ አይሰናበት!

ታዲያ መብራት በሄደ ቁጥር መድኃኒቱን ይዘን የምንሮጠው ወዴት መሰላችሁ? ፒያሳ፣ ኬክ ቤት! ጄኔሬተር ያለው እሱ ነዋ። የስኳር በሽተኛ መድኃኒት፣ ከክሬም ኬክ ጎን ተደርድሮ ሲያድር አስቡት!

«አሰለፉ፣ እኔስ በዕድሜዬ ነው የያዘኝ» አለችኝ ዘሀራ አንድ ቀን። «አሁን መድኃኒቴን ራሱን ስኳር ሊይዘው ነው።»

እኔ ስስቅ እሷ አልሳቀችም። አንድ ብልቃጥ ተበላሽቶባት ሁለት ቀን እግሯ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። በዚህ የተነሳ ግቢው ተሰብስቦ የፀሐይ መብራት እናስገባ አለ።

የፀሐይ መብራት እንዲህ ነው። ጣሪያ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ሰሌዳ ይሰቀላል። ባትሪ የሰሌዳውን ጉልበት ያጠራቅማል። ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው ኢንቨርተር የተባለው ሳጥን ደግሞ ያንን ጉልበት ለቤት ዕቃ የሚሆን መብራት ያደርገዋል። ከማን እንግዛ ሲባል ነገር መጣ። ግቢያችን ሁለት የመብራት ባለሙያ አሳድጓል፤ ጌትነትና ከድር... ወይም ከድርና ጌትነት! እንዲህ የማርመው ወድጄ አይደለም። ልጆቹ አምስት ኪሎ አንድ ሱቅ ነበራቸው፤ የተጣሉት ታፔላው ላይ የማን ስም ይቅደም በሚል ነው። አሁን ሱቁን በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፍለው፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው እየሰማ «ይማርህ» የማይባባሉ ጎረቤቶች ሆነዋል።

«ከአንዱ ገዝተን ሌላውን ስንተው፣ ዓይኑን በምን ዓይናችን እናያለን?» ብዬ ተነሳሁ። «ባትሪው ከከድር፣ ኢንቨርተሩ ከጌትነት! ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው።»

ተጨበጨበልኝ። ወዲያው ግን ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ባትሪውንና ኢንቨርተሩን የሚያገናኘውን ቀጭን ገመድ ማን ይሥራው? እኔ እያለሁ ይህ ያስቸግራል? አንዱን ጫፍ ከድር፣ ሌላውን ጫፍ ጌትነት ይሠሩታል! ከድር ጠዋት መጥቶ በባትሪው በኩል ያለውን ጫፍ ሠርቶ ሄደ፤ ጌትነት ከሰዓት መጥቶ በኢንቨርተሩ በኩል ያለውን ሠራ። መንገድ ላይ እንኳ አልተያዩም። ከዚህ የበለጠ ፍትሕ አለ?

ኢንቨርተሩ ተከፈተ። ቀይ መብራት... ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!

ከድርን ጠራሁት።

«እማማ፣ አዲስ ባትሪ እንደ ድሮው ዲዳ አይደለም፤ ሊቲየም ነው። ውስጡ ቢኤምኤስ የሚባል ዘበኛ አለው» አለኝ። «ሞላሁ፣ ጎደልኩ፣ ሞቀኝ፣ በቃኝ እያለ በዚህ ቀጭን ገመድ ለኢንቨርተሩ ይነግራል። ኢንቨርተሩ ያንን ሳይሰማ ባትሪውን አይሞላም።»

«እና ምነው ዝም አለ?»

«ኧረ እየተናገረ ነው! ያኛው ነው የማይሰማው።»

ጌትነትን ጠራሁት።

«እማማ ይሙቱ፣ ኢንቨርተሩ ጆሮውን ቀስሮ እየጠበቀ ነው። የሚናገር የለም እንጂ!»

«ታዲያ ከከድር ጋር አብራችሁ ለምን አታዩትም?»

«እኔ? ከእሱ ጋር?» አለና ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

ይኸውላችሁ እንግዲህ! ባትሪው ዝም አይነቅዝም ብሏል፤ ኢንቨርተሩ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እያለ ይጮኻል። በመሐል የዘሀራ መድኃኒት ኬክ ቤት ያድራል። ይባስ ብሎ የኬክ ቤቱ ባለቤት «እናቴ፣ በዓል እየደረሰ ነው፣ ቦታ የለኝም» አለን። ልፍረድበት? የቶርታ ወቅት ነው!

ሰው ሲጣላ ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይቀመጣል። ጋሽ ወርቁ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ወርቁ ዕድሜውን ሙሉ ፍርድ ቤት በተላላኪነት የሠራ፣ ከዳኞቹ ይልቅ ሕግ የማውቀው እኔ ነኝ የሚል የግቢያችን ሰው ነው።

«ባለጉዳዮቹ እነማን ናቸው?»

«ባትሪና ኢንቨርተር።»

እብድ ናት አላለኝም፤ ሥርዓት አዋቂ ነው።

«ዋስ አላቸው?»

«ለባትሪው ከድር፣ ለኢንቨርተሩ ጌትነት።»

«ደግ። እሑድ ይቅረቡ!»

ዘሀራም «እኔም ሽማግሌ ሆኜ ልቀመጥ» ብላ ነበር። ከለከልኳት! መድኃኒቱ የእሷ አይደለም እንዴ? ባለጉዳይ ዳኛ አይሆንም። ሃምሳ ዓመት ጎረቤት ብትሆንም!

ልጆቹ እሑድ መጡ። ሽማግሌ ጠርቶት የሚቀር ልጅ ግቢያችን አላሳደገም። አንዱ በር ጋ፣ አንዱ ቧንቧ ጋ፣ ጀርባ ለጀርባ ቆሙ። ጋሽ ወርቁ ጋቢውን አስተካክሎ ሊጀምር አፉን ሲከፍት... ዓይኑ ግድግዳው ላይ ቀረ።

«ይህ ሽምግልና አይጀመርም!»

«ምነው ጋሼ?»

«አንዱ ባለጉዳይ ከላይ ተሰቅሎ፣ አንዱ ከሥሩ መሬት ተቀምጦ? እኩል ይቀመጡ! ፊት ለፊትም ይሁኑ፤ ሽማግሌ ከመሐል!»

ደነገጥኩ። ይህን ያህል ጊዜ እያየሁት እንዴት አልታየኝም? ምስኪን ባትሪ!

«ባትሪው ማዶ ካለው አግዳሚ ላይ ይውጣ» ብዬ ፈረድኩ።

«እማማ፣ ባትሪ እኮ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው» አለ ጌትነት።

«ፍትሕስ የት ነው የሚቀመጠው?»

ከድር ማጥፊያውን አጠፋ፣ ወፍራሞቹን ገመዶች ፈታ። ቀጭኑን ግን ማንም አልነካውም። የጋራ ነዋ! አንዱ ቢነቅለው ሌላው «ማን ፈቀደልህ» ሊለው ነው። ከዚያ ከድር ባትሪውን ብቻውን ሊያነሳ ታገለ፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ እንጂ ባትሪው ንቅንቅ አላለም። ሁለት ሰው የሚፈልግ ክብደት ነው። ሁላችንም ወደ ጌትነት ዞርን። ጌትነት ጣሪያውን አየ፣ ጫማውን አየ... የሚያየው ሲያልቅበት መጣ።

«ያዝ።»

«ያዝኩ።»

«እኩል አንሳ እንጂ!»

«አንስቻለሁ! እግሬን ረገጥከኝ!»

«ታዲያ እግርህን ምን ከሥሬ ዶለው?»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ዘሀራ ከበረንዳዋ። «ተነጋገሩ!»

ወደ ማዶ ሲወስዱት ቀጭኑ ገመድ ተወጠረ፣ ተወጠረና... ጧ! ከሁለቱም በኩል ተነቅሎ እግሬ ሥር ወደቀ። ሁለቱ ጫፎች፣ ከውስጣቸው ባለ ብዙ ቀለም የሽቦ ክሮች እየታዩ፣ አጠገብ ላጠገብ ተጋደሙ። ከድር ላቡን እየጠረገ ጎንበስ ብሎ አያቸው፤ ከዚያ ደግሞ አየ።

«ጌቴ» አለ። ስሙን ሲጠራው ታፔላው ከወረደ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። «ይህን ጫፍ በየትኛው ክር ነው ያሰርከው?»

«በብርቱካናማው። ኢንቨርተሩ የሚሰማው በእሱ ነው። አንተስ?»

«በሰማያዊው...»

ገባችሁ? ባትሪው በሰማያዊው ክር ሲናገር፣ ኢንቨርተሩ በብርቱካናማው ክር ጆሮውን ደቅኗል! ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ ጉሮሮው እስኪነቃ ይናገራል፣ ሌላው አንገቱ እስኪጣመም ያዳምጣል፤ ግን አንዱ በበር ሌላው በመስኮት!

ጋሽ ወርቁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ገመዱን ለሁለት ያካፈለው ማነው?»

ግቢው በሙሉ ዞሮ እኔን ያየኝ ጀመር።

«እኔ ነኝ! ደግሜም አካፍላለሁ!» አልኩ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ። «ሥራ ተካፈሉ አልኩ እንጂ ቀለም ሳትጠያየቁ ሥሩ አልኩ?»

ነገሩ ያለቀ መሰላችሁ? ኧረ ገና ነው! አንዱ ጫፍ መቀየር አለበት። የማን? ጫፉን የሚቀይር ሰው እኮ ጥፋተኛው እኔ ነኝ እንደማለት ነው።

«ብርቱካናማ ትክክል ነው» አለ ጌትነት።

«ሰማያዊም ትክክል ነው» አለ ከድር።

«የትኛውም ይሆናል፣ ዋናው አንድ መሆኑ ነው» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ፤ ከዚያ ግን ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

ዘሀራ ከወንበሯ ተነሳች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ልጆቼ፣ ኬክ ቤቱ ነገ መድኃኒቴን ያወጣል። ከነገ ወዲያ የማስቀምጠው ብብቴ ሥር ነው?»

ሁለቱም አቀረቀሩ። አቀረቀሩ እንጂ አልተንቀሳቀሱም! ያኔ ፈረድኩ።

«ሰማያዊም አይሆን፣ ብርቱካናማም አይሆን። ሁለቱም ጫፍ ይቆረጥ፤ ሁለታችሁም እንደገና ሥሩ። በአረንጓዴው!»

ጋሽ ወርቁ «ይህማ በየትም ሕግ የለም...» ብሎ ጀመረ፤ ማን ሰምቶት! ልጆቹ ተያዩ። ሳቃቸው መጣ፤ ሊይዙት ሞከሩ፣ አልተያዘም። አንድ መቆንጠጫ እየተቀባበሉ፣ አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ጫፎቹን ሠሩ። ባትሪውን ተጋግዘው ወደ ቦታው መለሱት፤ ወፍራሞቹ ገመዶች ታሰሩ፤ ቀጭኑም ተሰካ። ተከፈተ። ጢጥታው ቆመ፤ የባትሪ ሥዕል የኢንቨርተሩ መስታወት ላይ ብቅ አለች፤ ቀዩ መብራት ወደ አረንጓዴ ዞረ። ጋሽ ወርቁ ግን አኩርፎ ቤቱ ገባ፤ ሳይጀምረው የተፈታ ነገር አጋጥሞት አያውቅማ።

በማግሥቱ እንደ ልማዱ መብራት ሄደ። የሰፈሩ ራዲዮ ሁሉ ጸጥ ሲል የእኔ በረንዳ ማቀዝቀዣ እንደ ጠገበች ድመት ማንኮራፋቱን ቀጠለ። ዘሀራ በየደቂቃው እየመጣች በሩን ከፍታ ብልቃጧን በጣቷ ትነካለች።

«ዝጊው እንጂ፣ ብርዱ ወጣ!» እላለሁ።

«ቀዝቅዟል፣ አሰለፉ!» ትላለች። «ቀዝቅዟል!» ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ያላየሁ መሰልኩ።

ኋላ ጎኔ ተቀምጣ ወደ ጣሪያው ሰሌዳ አንጋጠጠች። «አላህ ይስጥሽ። ግን አንቺን አውቅሻለሁ፤ ነገ ደግሞ ፀሐይ ብቻዋን ለምን ትለፋለች፣ ጨረቃም ድርሻዋን ትሥራ ትያለሽ!» ብላ እየሳቀች ገባች።

እኔ አልሳቅሁም። እንቅልፍም አልወሰደኝም። እውነት ግን... ጨረቃን የጠየቃት ሰው አለ?