የቀበሌው ምስጉን ነዋሪ

ሰው መፈለግ ቀላል ነው የሚል ካጋጠማችሁ፣ ያ ሰው ወይ ማንንም ፈልጎ አያውቅም፣ ወይ ደግሞ ተፈላጊው እሱ ራሱ ነው። እኛ ዘንድ ድሮም ሰው የሚገኘው በሰው ነበር። «ጠይም፣ ረዘም ያለ፣ ሲሄድ ትንሽ የሚያነክስ፣ ከአረርቲ የመጣ» ትላላችሁ፤ ባለ ባጃጁ ሳያስጨርሳችሁ «እ፣ እሳቸው» ይልና በራቸው ላይ ያወርዳችኋል፤ በመንገድም ልጃቸው ማንን እንዳገባች፣ ለምን እንደተፋታች ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። መንግሥት ግን እንዲህ ያለ ነገር አይወድም። መንግሥት ሰውን የሚያውቀው በቤት ቁጥር ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዳንድ የቆርቆሮ በር ላይ በሰማያዊ፣ በቀይና በነጭ ቀለም የተጻፉ፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ቁጥሮች ታያላችሁ። ሰማያዊው ቀበሌዎቹ ሳይዋሃዱ በፊት፣ ቀዩ ከተዋሃዱ በኋላ፣ ነጩ ደግሞ መዋሃዱ ስህተት ነበር ተብሎ እንደገና ሲከፋፈሉ የተጻፈ ነው። ፖስታ ይዞ የሚመጣ ስለሌለ እስካሁን የተጎዳ የለም።

ይህን የምለው መንግሥትን ለማማት አይደለም። እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከመዘዞ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውሬ የመጣሁት በቅርቡ ነው፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ የምወጣ ሰው ነኝ። ስለዚህ ቀበሌ ገብቼ አንድ ሰው ማግኘት ያቅተኛል ብዬ አላሰብኩም። አላቃተኝምም። ቢያቅተኝ ይሻለኝ ነበር።

የምፈልገው አጎቴን ደምሴን ነበር፤ የእናቴን ታናሽ ወንድም። የእናቴ ቤት አንኮበር፣ ከጎረቤላ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። እሷና ወንድሟ የተጣሉት በባሕር ዛፍ ነው። እሱ የተከለውን እሷ ቆርጣ ለቤቷ ማገር አደረገችው። እሱ «ሳትጠይቂኝ» አለ፣ እሷ «በአባቴ መሬት ላይ ማንን እጠይቃለሁ» አለች፣ በዚያው ተኳረፉ። እሱ ወደ አረርቲ ወረደ፤ ከዓመታት በኋላ ደብረ ብርሃን ገባ ተባለ። ሁለቱም ሌላው መጥቶ ይቅርታ እስኪጠይቅ ሲጠብቁ አረጁ። ማገሩ እንኳን ነቀዘ፣ ኩርፊያው ግን ምንም አልሆነ።

እናቴ አስካለ ስትታመምና መዳኗ ሲያጠራጥር ለመቁረብ ፈለገች። የነፍስ አባቷ ቀሲስ ግን «ወንድምሽን ሳትታረቂ ወደ ቁርባን አትቅረቢ» አሏት። ጠራችኝና «ልጄ፣ ደምሴን አምጣልኝ። አልመጣም ካለ እኔን ውሰደኝ። መሄድ ካቃተኝም ይቅር ብያታለሁ የምትል አንዲት ቃል ይዘህልኝ ና» አለችኝ። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ አንዲት ቃል ናት። ከደብረ ብርሃን አንኮበር አንዲት ቃል ማድረስ ያን ያህል ያስቸግራል?

ቀበሌ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ኔትወርክ አልነበረም። በማግስቱ መብራት ጠፋ። በሌላ ጊዜ ሁለቱም ነበሩ፣ ሠራተኛዋ አልነበረችም። በኋላ ስትገኝ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደግ ልጅ ነበረች። መዝገብ ቤት ገብታ ካስነጠሳት በኋላ አቧራውን እያራገፈች ፋይል ይዛ ወጣች።

«ጋሼ፣ አገኘኋቸው። አሉ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ናቸው» አለችኝ። ፎቶውን አየሁት፤ የእናቴ አፍንጫ ነው። ልቤ ሞቀ። «እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?» ብዬ ጠየቅኳት፤ መዝገብ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደማይመልስ ረስቼው ነው። እሷ ግን መለሰችልኝ።

«ምስጉን ነዋሪ ናቸው። ኪራይ አያዛንፉ፣ አቤቱታ አያቀርቡ፣ ጣሪያው አፈሰሰ ብለው አይጨቀጭቁ። ሁሉም እንደሳቸው ቢሆን እኛም እናርፍ ነበር።»

«ስብሰባም ይመጣሉ?»

«ፊርማቸው አለ» አለችኝ።

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የአያቴ ልጅ፣ ያ በአንድ ባሕር ዛፍ አገር ያመሰ ሰው፣ በእርጅናው እንዲህ ጨዋ መሆኑ እንግዳ ነገር ሆነብኝ፤ ግን ሰው ይለወጣል አልኩ። ነጩን ቁጥር ፈልጌ በሩን አንኳኳሁ። አንዲት ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «አሁን እዚህ ነበሩ፣ ወጣ ብለው ነው» አለችኝ። በሌላ ቀን ስመለስ ጠበል ሄደዋል ተባልኩ። ከዚያ ለቅሶ ሄደዋል። ከዚያ ትንሽ አሟቸው ተኝተዋል፣ ሰው ማየት አይፈልጉም። ሰፈሩ በሙሉ ስለ አጎቴ ውሎ እንዲህ ጠንቅቆ ማወቁ አስቀናኝ፤ እኔ ያለሁበት ሰፈር እኔን ማንም አያውቀኝም። ሌላው ሁሉ «ማርያምን፣ አሁን ነው የወጡት» እያለ ሲምልልኝ ያልማለው ባለ ሱቁ ሰዒድ ብቻ ነበር። እሱ ሚዛኑን እየጠረገ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «ኢንሻአላህ አንድ ቀን ትገናኛላችሁ» አለኝ። ሰዒድ ሃይማኖቱን የሚያከብር ሰው ነው፤ ይህ የገባኝ በኋላ ነው።

መቼም የመንግሥት ሠራተኛ «ነገ ይምጡ» ሲባል ያውቃል። ራሱም ለሌላው ስለሚለው፣ ሲባልበት አይሸወድም። አንድ ከሰዓት በሩ ላይ ድንጋይ ስቤ ተቀመጥኩ፤ የደብረ ብርሃን ንፋስ ጆሮዬን ሊገነጥለው ደረሰ፤ አልነሳም አልኩ። ሲመሻሽ አንዲት ሴት ከፋብሪካ ፈረቃዋ ወጥታ መጣች፤ ሽርጧ ላይ ክር ተጣብቋል። ጥሩወርቅ ትባላለች። አጎቴ አረርቲ ሳለ ወላጆቿ ሞተውባት ያሳደጋት ልጅ ናት። አሁን የራሷ ልጆች አሏት፣ አባታቸው የለም። ፊቴን ስታይ ቆመች። የእናቴ አፍንጫ እኔም ላይ አለ።

«ይግቡ ጋሼ» አለችኝ። ቤቱ ንጹህ ነው። ጋቢው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ልጆቹን ወደ ጎረቤት ላከቻቸውና በሩን ዘጋችው።

«አባባ ከሞቱ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው።»

ነገሩን እንዳስረዳችኝ ላስረዳችሁ። ቤቱ የቀበሌ ነው። ተከራዩ ሲሞት የሚተካው ሚስቱ ወይም ልጁ ነው። ጥሩወርቅ ደግሞ ሚስትም ልጅም አይደለችም፤ አጎቴ ሲያሳድጋት ወረቀት ያስፈልጋል ብሎ አላሰበም፤ ፍቅር የሚበቃ መስሎት ነበር። ሞቱ ከተነገረ ቤቱ ተራ ለሚጠብቅ ይሰጣል፣ እሷ ልጆቿን ይዛ ደጅ ትወድቃለች። ስለዚህ ሰፈሩ ተማከረና ደምሴን በወረቀት ላይ አልገደለውም። እድሩ ድንኳን ሳይተክል፣ ጥሩምባ ሳያስነፋ፣ ከከተማው ወጣ ያለ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ቀበረው። የተቀበረው በክርስትና ስሙ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው ገብረ ሥላሴን፣ ቀበሌ የሚያውቀው ደምሴን ነው፤ ሁለቱ መዝገቦች ተገናኝተው አያውቁም፣ ለመገናኘትም ሐሳብ የላቸውም። ኪራዩን እሷ ትከፍላለች። ስብሰባ ላይ ጎረቤቶች ተራ በተራ ይፈርሙለታል።

«ሲሞት ስለ እህቱ ምን አለ?» አልኳት።

«አስካለን ጥሩልኝ፣ አስካለን ጥሩልኝ ሲሉ ነው ያለፉት።»

«ለምን አልጠራሻትም ታዲያ?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ንዴት ብቻ አይደለም፣ አፈርኩላትም፣ ለሁላችንም አፈርኩ።

ጥሩወርቅ አላለቀሰችም። ይህን ጥያቄ ራሷን ስትጠይቅ የኖረች ይመስላል። «ብጠራቸው ይመጣሉ። ከመጡ ይቀብራሉ። ከቀበሩ ያለቅሳሉ። እኔ ልጆቹን ይዤ የት ልሂድ ጋሼ?»

ቤቱን የሚጠብቁ ሌሎች ድሆች እንዳሉ አውቃለሁ፣ እነሱም ልጆች አሏቸው። ስለዚህ እዚህ ውስጥ በደለኛ ስትፈልጉ እንዳትደክሙ። እኔ ደክሜበታለሁ፣ አላገኘሁም።

አሁን መርዶው ቀረ። መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ዘመድ ተጠራርቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ገና ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዝ እጅ በዝቶ ነው የሚነገረው። እናቴን በዚህ ዓይነት ባረዳት፣ በማግስቱ የአንኮበር ዘመድ ሁሉ አይሱዙ ተኮናትሮ ደረቱን እየደቃ ከጥሩወርቅ በር ላይ ይወርዳል። ቀበሌው ከዚያ ቤት ብዙም አይርቅም። መዝገብ መስማት ባይችል፣ ሠራተኛዋ ትሰማለች። ዝም ብዬ «አላገኘሁትም» ብላትስ? ያኔ እናቴ ሳትቆርብ ልትሞት ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ ጎረቤላ ሚኒባስ ውስጥ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ተጓዝኩ። ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር፤ ሾፌሩ ቀስ ሲል ደስ አለኝ።

ብቻዬን ነገርኳት። በቀትር፣ ማንም ሳይኖር፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ በሹክሹክታ። እንዲህ ያለ መርዶ ሰምቼም አላውቅ። ከጥሩወርቅ ቤትም ከልጆቹም ነገር አላስቀረሁም። «አስካለን ጥሩልኝ ሲል ነው ያለፈው» ስላት ነጠላዋን ሰብስባ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችው። ትከሻዋ ይርገፈገፋል፣ ድምፅ ግን የለም። ሙሾ አውጪ ነበረች እናቴ፤ ለስንቱ ሰው አልቅሳለች፣ ባዕድ ሲሞት እንኳን ሰው ከሩቅ ድምፅዋን ለይቶ ነበር የሚመጣው። ለገዛ ወንድሟ ነጠላዋን ነከሰች። ጎረቤት ከውጭ «እትዬ አስካለ፣ ምነው?» ብላ ስትጣራ ነጠላውን አውጥታ «ወገቤን ነው፣ ይተወኛል» አለቻት።

ቆይታ «የባሕር ዛፉን ነገር አንስቷል?» አለችኝ።

«አላነሳም እማዬ።»

«ልጆቹ ይማራሉ?»

«ይማራሉ።»

«እንግዲያው ከአንተና ከእኔ አይውጣ። እኔ ስሞትም እንዳይወጣ።»

ለቀሲስ በንስሐ ነገረቻቸው፤ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና ወደ ቁርባን አቀረቧት። ለሌላው ግን፣ ወንድምሽን አገኘው ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ፣ «አግኝቶታል። ታርቀናል። ደህና ነው፣ ሲመቸው እመጣለሁ ብሏል» ትል ነበር። እየሳቀች ነበር የምትለው። በዓለም ላይ ብቸኝነት የሚባል ነገር ካለ፣ ሐዘንሽን የምሥራች አድርገሽ አውሪ መባል ነው፤ ያን ያዘዟት ደግሞ መንግሥትና ቀበሌ ብቻ አይደሉም፣ ሁላችንም ነን።

ክረምት ሳይገባ አረፈች። አገር ነቅሎ ወጣ። አስከሬኗ ከቤት ሲወጣ፣ ፍትሐት ሲደርስ፣ አፈር ሲለብስ፣ መኪና በተሰማ ቁጥር ሰው ሁሉ ዞሮ መንገዱን ያይ ነበር። ደምሴን ነው የሚጠብቁት። ታርቋል ተብሏላ። ሰልስቱ ድረስ ጠበቁት። በሰልስቱ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ የእናቴ አጎት ልጅ ጋሽ በቀለ ተነሡ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሲናገሩ ሰው ይሰማል።

«ከደብረ ብርሃን እዚህ ድረስ ባሕር አለው? ታርቄያለሁ ብሎ አታልሏት፣ አፈር ስትለብስ አልመጣ። እኔ ይህን ሰው ወገን አልለውም። እሱም በተራው ሲሞት፣ ከዚህ አገር አንድ ሰው ለቅሶው እንዳይሄድ። ዘመድ የሆነ ሁሉ ይስማማና እጁን ያውጣ።»

ቀሲስ መስቀላቸውን እያገላበጡ መሬት መሬት አዩ። እሳቸው የሰሙት በንስሐ ነው፤ ቀና ቢሉ ከአፋቸው ይወጣል። እኔን ግን ሰው ሁሉ አየኝ፤ አግኝቶታል የተባልኩት እኔ ነኝና። «በሕይወት የለም» ልል ነበር፣ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ጥሩወርቅ በሩን ስትዘጋ ታየችኝ። ዘመዶቼ አንድ በአንድ እጃቸውን ሲያወጡ፣ ከእንግዲህ በዚያች ደጅ ላይ እያለቀሰ የሚወርድ ሰው እንደማይኖር ገባኝ።

እጄን አወጣሁ። ጋሽ በቀለ መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አጎትህ ነው፣ እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ግን የደግ ሰው ሥራ ነው የሠራኸው» አሉኝ።

እኔም ተነሥቼ አመሰገንኳቸው።