የመዝገብ ያዡ ጠባይ በኮሚቴ ሲጣራ

ለሰው ልጅ ሁሉ የሚበጅ ታላቅ ውሳኔ በመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ፣ ከጠፋው ጃንጥላ ማስታወቂያ ጎን ተለጠፈ፤ «ማንኛውም ሠራተኛ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለይቶ እስከ ሰኞ እንዲያሳውቅ በጥብቅ እናሳስባለን።» ፈላስፎች ሺህ ዓመት የተጨነቁበት ጉዳይ በአንድ ገጽ፣ ያውም ግማሹ ባዶ በሆነ ገጽ፣ እልባት አገኘ። የሰው ዓይነት ሦስት ሆኖ ተወሰነ። ዝምተኛው መዝገብ ቤት፣ ተግባቢው ባለጉዳይ ሲጮህ የሚውልበት የመረጃ መስኮት፣ መሪው ፎቅ ላይ ይመደባል።

መዝገብ ያዡ ይህን ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሃያ ሁለት ዓመት ከፋይሎቹ ጋር ኖሯል፤ አቧራውን እንኳ በመልክ ያውቀዋል። መስኮት ላይ ከሚቀመጥ ጡረታ ቢወጣ ይመርጣል። ስለዚህ ዝምተኛ መሆን አለበት። ግን ነው ወይ?

ጠባይን ለመለየት ለየሠራተኛው የታደለው ቅጽ ስድሳ ጥያቄ አለው። ጠዋት ሲሞላው ዝምተኛ ሆነ። ከምሳ በኋላ፣ ለማረጋገጥ ያህል ሲደግመው ተግባቢ ሆኖ ቁጭ አለ። ማታ ሚስቱን ጠየቃት።

«እኔ ዝምተኛ ነኝ አይደል?»

«አንተ? ሬዲዮኑን የሸጥነው ለምን መሰለህ?»

በማግሥቱ መዝገብ ቤት አብራው የምትሠራውን ባልደረባውን ጠየቃት። «ሚስቴ ለፍላፊ ነህ ትለኛለች። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ሚስት አለዎት እንዴ ጋሼ? አራት ዓመት አብረን ስንሠራ ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

ግራ ቢገባው ሁለቱም ላይ ምልክት አድርጎ አስገባ። ቅጹ የሚቀበለው አንድ ሰው አንድ ጠባይ ብቻ ስለሆነ፣ ማክሰኞ የጠባይ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ አስጠራው።

«ዝምተኛ መሆንዎን ያስረዱ፤» አለ ሰብሳቢው።

አስረዳ። ከልጅነቱ ጀምሮ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ፣ በእጁም በዓይኑም እያገዘ፣ ዝምታውን አንድ በአንድ ተነተነው። ከአባላቱ አንዷ እንባዋን ጠረገች።

«ስለ ዝምታ እንዲህ የሚጥም ንግግር ሰምተን አናውቅም፤» አለ ሰብሳቢው። «ተግባቢ ነዎት። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ መስኮት ላይ ነዎት። ይግባኝ ካለዎት ዓርብ ይቅረቡ።»

ሦስት ቀን ራሱን መረመረ። ቤት ያለው ሰውዬና መዝገብ ቤት ያለው ሰውዬ መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላም የሚባባሉም አልመስልህ አለው። ዓርብ ደክሞት ቀረበ።

«ታዲያ ምን ዓይነት ሰው ነዎት?»

«አላውቅም።»

«እስቲ ያብራሩልን።»

«አላብራራም።»

«ለኮሚቴው እንኳ?»

መዝገብ ያዡ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። ሰውዬው ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ሲጠየቅ አያብራራም፤ በዚህም ቅንጣት አያፍርም። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው የት እንደሚያስቀምጥ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ሰብሳቢው ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ይቅርታ ያድርጉልን ጌታዬ። መሪ መሆንዎን ሳናውቅ ነው።»

ሰኞ አዲሱ የመምሪያ ኃላፊ የመጀመሪያ ትእዛዛቸውን አስተላለፉ፤ ቢሯቸው ወደ መዝገብ ቤት ይዛወር፣ እዚያ ያለችው ሠራተኛ ወደ መረጃ መስኮት ትሂድ። የአራት ዓመት ባልደረባቸው ደብዳቤዋን ይዛ ገባች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ዝምተኛ መሆኔ በማኅተም ጸድቋል። ለምንድን ነው የሚያስወጡኝ?»

ኃላፊው ፋይል ገለጡ።

«አላብራራም።»