የእትዬ አልታየች ዘመዶች

ሆስፒታል ባለበት ከተማ ሁሉ፣ በሩ አጠገብ፣ ዘመዷ የማያልቅ አንዲት ሴትዮ አለች። «እኛ ከተማ የለችም» የሚለኝ ካለ ወይ ታሞ አያውቅም፣ ወይ በጓሮ በር ነው የሚገባው። ይህች ሴትዮ ዘበኛውን በስሙ ትጠራለች፣ ነርሷን «ልጄ» ትላለች፣ በሩ ላይ ከተኮለኮለው ሕዝብ መሀል የአንዱን እጅ ይዛ «ወንድሜ ነው» ብላ ታስገባለች። በማግስቱ ሌላ ወንድም ይኖራታል። በሳልስቱ ደግሞ አክስቶችና አንድ የአጎት ልጅ።

የእኛዋ፣ ማለትም የደብረ ብርሃኗ፣ ጎረቤቴ ናቸው። ክብርት እትዬ አልታየች ይባላሉ። ከብርድ ልብስ ፋብሪካ በጡረታ ተሰናብተው፣ ያለ ደመወዝና ያለ ሹመት በሆስፒታሉ በር ላይ ባለሙሉ ሥልጣን የሆኑ ሰው ናቸው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ብጠራው የሌሎቹ ሆስፒታሎች ኃላፊዎች «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብለው ደረታቸውን ይነፋሉ፤ ያን ደስታ ልሰጣቸው አልፈልግም።

እትዬ ሥራ የሚገቡት ከሐኪሞቹ ቀድመው ነው። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ሳለ፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በወፍራም ካልሲ ላይ ነጠላ ጫማ አጥልቀው ብቅ ይላሉ። ሰልፉን ዞር ብለውም አያዩት። እሳቸው የሚፈልጉት ከሰልፉ ውጭ፣ አጥሩ ሥር ተቀምጦ መሬት መሬት የሚያየውን፣ ከለሚ ወይም ከአረርቲ ወይም ከአንኮበር ገደል ሥር የመጣውን ሰው ነው። ካገኙት አለቀ። ያ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዘመዳቸው ነው።

«አክስቴ ናት! ደሜ ናት!» ይላሉ፣ ግቢው እስኪሰማ።

ዘበኛው ቢኒያም ሰው አክባሪ ልጅ ስለሆነ ይጨነቃል። «እትዬ፣ ትናንት ያስገቧቸውም አክስትዎ ነበሩ እኮ።»

«አያቴ ወላድ ነበረች! ምን ላድርግህ?»

አንድ ቀን ከቆላ የመጡ፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ክንድ ይዘው መጡ። ቢኒያም ሽማግሌውን አየ፣ እትዬን አየ፣ በአንገታቸው ላይ ያለውን ማተብ አየ።

«እኚህስ?»

«ወንድሜ ናቸዋ!»

«እትዬ! ሼህ ናቸው እኮ!»

«በእናት በኩል ነው!»

ሼሁም «ሱብሐነላህ» እያሉ ገቡ። እኔ በዚያን ሰዓት ሰልፉ ላይ ነበርኩ፤ የሳቅኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም።

የመድኃኒት መስኮቱ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናሉ። የጤና መድን መዋጮውን በየዓመቱ ሳያጓድል የከፈለ ገበሬ ማዘዣውን ሲያስገባ ከመስኮቱ የሚወጣው መልስ አንድ ነው፦ «የለም፤ ከውጭ ግዛ።» ገበሬው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሊከት ሲል እትዬ ይደርሳሉ። «የትኛው የለም ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ በክርናቸው መስኮቱን ተደግፈው። «አልተገዛም ነው? አልቋል ነው? ወይስ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል?» አብዛኛውን ጊዜ ሰውዬው ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል። እትዬ ሻይ ቤቱን ያውቁታል፤ ሄደው ይዘውት ይመጣሉ።

ከእኔ ጋር ግን አይዛመዱም። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነን፤ ውሃ ሲጠፋ ከእኔ በርሜል ነው የሚቀዱት። ወገቤ ተቆልምሞ፣ ከንጋት ጀምሬ ተሰልፌ፣ ካርድ ክፍሉ «ሲስተም ሄዷል» ብሎ መጋረጃውን ሲዘጋብኝ፣ እትዬን በዓይኔ ተለማምጬ አውቃለሁ። አጠገቤ መጥተው ከላይ እስከ ታች ያዩኝና ሁልጊዜ ያችኑ ይሉኛል፦

«አንተ መቆጣት ታውቃለህ፤ ተራህን ጠብቅ።»

ተቆጣሁ። በእሳቸውም በሆስፒታሉም ተቆጣሁ። እኔ በሰልፍ የማምን ሰው ነኝ። በዘመድ መግባት ካልቀረ፣ በሩ ላይ የተሰቀለው የታካሚዎች መብት ዝርዝር ለምን ተሰቀለ? አንድ የኢትዮጵያ ዜጋ ሳንባው እንዲታይለት የአንዲት ጡረተኛ የእህት ልጅ መሆን አለበት? ይህንን አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። «የለበትም» አሉኝ። «ይኸው ስትጠይቅ ያ ሰውዬ ሊወድቅ ነው፤ ዞር በልልኝ።»

ነገሩ የገባኝ በሚካኤል ዕለት ነው። እትዬ ቅዳሴ ሊያስቀድሱ ሄደው ስለነበር በሩ ላይ አልነበሩም። ከመንገዱ ማዶ ያለውን አጥር ተደግፈው፣ ከአንኮበር በታች ካለ አገር የመጡ ሰዎች ተቀምጠዋል። ቃሬዛ ይዘዋል። ታማሚንም ሬሳንም መሸከም የቅሬ፣ ማለትም የዕድራቸው፣ ግዴታ ስለሆነ፣ ጎረቤቶቻቸው ሌሊቱን ዳገቱን ተሸክመው ወጥተው፣ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ለምነው ነው የደረሱት። «አምቡላንስ እየመጣ ነው» የተባሉት ከዋዜማው ጀምሮ ነበር። ምናልባት አሁንም እየመጣ ይሆናል።

ቃሬዛው ላይ የተኛው ሰው በጋቢ ተሸፍኗል፤ ድምፅ የለም። ሰልፈኛው ሁሉ ሬሳ ሊወስዱ የመጡ መስሎት «ነፍስ ይማር» እያለ ያልፋል። ከራስጌው አንድ መቋሚያ የያዙ፣ ሻሽ የጠመጠሙ አባት ቆመዋል። መሪጌታ ወልደ ሰንበት ይባላሉ፤ ስማቸውን ያወቅሁት ኋላ ነው። እሳቸው የቆሙበት አጥር ላይ «አንዲትም እናት በወሊድ ምክንያት መሞት የለባትም» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። መሪጌታ የተማሩ ሰው ናቸው፤ አንብበውታል፣ ደጋግመው አንብበውታል። «ግቡ» የሚል ግን የትም ቦታ አልተጻፈበትም።

እትዬ ጠበል የያዘ ኮዳቸውን ይዘው ደረሱ። ሰልፉን አለፉ፣ መንገዱን ተሻገሩ፣ ምንም ሳይጠይቁ ጋቢውን ገለጡት።

ሥሩ ወለተሐና ነበረች፤ የመሪጌታ የልጃቸው ሚስት። ምጥ ከያዛት ውሎ አድሯል። በአማቷ ፊት መጮህ ነውር ሆኖባት የጋቢውን ጥለት ነክሳ፣ ላብ አጥምቋት፣ ዓይኗ ወደ ላይ ሄዷል።

እትዬ አልታየች በዚያን ቀን የጮኹትን ጩኸት ደብረ ብርሃን ከተቆረቆረች ወዲህ የሰማችው አይመስለኝም።

«ቢኒያም! የእህቴ ልጅ ናት! ክፈት! ደሜ ናት!»

ቢኒያም ካርድ ልጠይቅ አላለም። በሩ ተበረገደ፣ ወንዶቹ ቃሬዛውን አንስተው ሮጡ፣ እኛም ሰልፋችን ተበትኖ ግራና ቀኝ ተከፈልን። ወለተሐና ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። ከእኩለ ቀን በኋላ ዶክተር ሔራን የምትባል ወጣት ሐኪም ወጣች፤ ግድግዳ ይዛ ነው የቆመችው። እናትም ልጅም ተርፈዋል። ወንድ ነው። መሪጌታ ተንበርክከው መሬት ሳሙ። ከዚያ ሐኪሟ ጠየቀቻቸው፦

«አባቴ፣ መቼ ነው የደረሳችሁት?»

«ሲነጋጋ።»

«ያኔውኑ ለምን አልገባችሁም?»

መሪጌታ ጥያቄው እንግዳ ሆነባቸው። «ግቡ ያለን ሰው የለማ፣ ልጄ» አሉ። «እንዴት አድርገን በሰው ደጅ?»

ዶክተር ሔራን አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ተንጨረጨርኩ። እነዚህ ሰዎች ደጅ ላይ ደርሶ «ቤቶች» ማለትና «ግቡ» እስኪባል መቆም ያደጉበት ወግ ነው። ጠላታቸው ቤት እንኳ ሳይጠሩ አይገቡም። እኛ ደግሞ ፎቅ ሠርተን፣ ማሽን አስመጥተን፣ ሪባን ቆርጠን፣ «ግቡ» የሚል አንድ ሰው መቅጠር ረሳን። የሚገፋው ይገባል፣ የሚጮኸው ይገባል፣ ስልክ የሚደውለው ሳይሰለፍ ይገባል። ጨዋው ደጅ ላይ ይሞታል። ከዚያም በስብሰባ ላይ «ኅብረተሰቡ አገልግሎቱን የመጠቀም ልምዱ ዝቅተኛ ነው» ይባላል፤ ቆሎና ውሃ ይታደላል፤ ይጨበጨባል።

ወደ ማምሻው መሪጌታ እትዬን ፈልገው መጡ። መቋሚያቸውን ተክለው፣ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ።

«እሜቴ፣ ‹የእህቴ ልጅ› ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የወለተሐና እናት እህት እንዳለቻት አናውቅም ነበር። ለመሆኑ በማን በኩል ነው የምንዛመደው?»

ለቢኒያም ሺህ መልስ የማያጡት እትዬ አልታየች ጋቢያቸውን ማስተካከል ያዙ። ካህን ቤት ዘር መቁጠር ቀልድ አይደለም፤ ሰባት ቤት ድረስ ተቆጥሮ ነው ጋብቻ የሚፈቀደው። መሪጌታ ደግሞ ቆመው መቁጠር ጀምረዋል። «በእናቷ እናት በኩል እንዳይሆን? እሷ አንድ ወደ መንዝ የሄደች እህት ነበረቻት ይባላል…»

«ኋላ… ኋላ እነግርዎታለሁ፣ አባቴ» ብለው እትዬ ሸሹ። በሕይወቴ ሲሸሹ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤቴ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «ቴዎፍሎስ፣ ካህን ዋሸሁ» አሉኝ።

«ይንገሯቸዋ እውነቱን። የእኔ ዘመዶች ሌሎች ናቸው፣ እነ እገሌ ናቸው ይበሏቸው…»

«ዘመድ የለኝም።»

ሌላ በርጩማ ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ማንም የለኝም» አሉ። «ያሳደገችኝ ሴትዮ ናት ፋብሪካው ያስገባችኝ፤ እሷም ሞተች። የየት አገር ሰው እንደሆንኩ እንኳ አላውቅም።»

«ያ ሁሉ አክስትስ?»

«ዘመድ ያለው ሰው የራሱን ዘመዶች ይጦራል» አሉኝ ተቆጥተው። «እኔ ጊዜ አለኝ።»

ከዚያ ወዲህ መሪጌታ በየሳምንቱ ይደውላሉ። ቆጥረው ቆጥረው አላገኙትም፤ ተስፋ ግን አልቆረጡም። የሕፃኑ ክርስትና ሲደርስ «ይምጡና ሽማግሌዎቹ ባሉበት እንቆጥረዋለን» ብለው አስጠሯቸው። እትዬ አዲስ ቀሚስ አሰፉ። «ቢያባርሩኝስ?» አሉኝ አውቶቡስ ተራ ስሸኛቸው። ቢያባርሩማ ደግ ነበር! ሄደው ቀሩ። ክርስትናው አለፈ፣ ሳምንት አለፈ። በስልክ ባገኘኋቸው ጊዜ ከበስተጀርባቸው ሕፃን ያለቅሳል፣ ሰው ይስቃል። «ገና ሦስተኛው ቤት ላይ ናቸው» አሉኝ። «አልጨረሱም፤ እንዴት ጥዬ እመጣለሁ?» ድምፃቸውን አላወቅሁትም፤ የልጅ ድምፅ ሆኗል።

ይኸው እንግዲህ ጉድ በሉ። አንዲት ጡረተኛ ክርስትና ስለሄዱ የአንድ ሆስፒታል በር ተዘጋ። ቢያንስ ምትክ ትተው አይሄዱም?

ባለፈው ሰኞ ወገቤ ተነሥቶብኝ ተሰለፍኩ። ሲስተሙም ከሄደበት ተመልሶ ነበር፤ መስኮቱ ጋ ለመድረስ ጥቂት ነው የቀረኝ። ዞር ስል ከመንገዱ ማዶ፣ ከዚያው ማስታወቂያ ሥር፣ ባና የተከናነቡ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ከጣርማ በር ወገን የመጡ ናቸው። ትንፋሻቸው ሲያጥር ትከሻቸው ይነሣል። ልጃቸው ባርኔጣውን አውልቆ፣ በሩን እያየ፣ እንዲጠሩት ቆሟል። ሰልፈኛው ያያቸዋል፣ ቢኒያም ያያቸዋል፣ ነጭ ጋዋን የለበሰው ሁሉ እያያቸው ያልፋል። ግቡ የሚል የለም።

ደሜ ፈላ። በሆስፒታሉ ተናደድኩ፣ በጤና ቢሮው ተናደድኩ፣ አንኮበር ተቀምጠው ዘር በሚያስቆጥሩት በእትዬ አልታየች ተናደድኩ። ከሰልፉ ወጣሁ። ተራዬ ሄደ። መንገዱን ተሻግሬ የአሮጊቷን ክንድ ያዝኩና በሩ ጋ አደረስኳቸው።

«አክስቴ ናቸው!» አልኩ።

ቢኒያም ዓይኑ ፈጠጠ። «አቶ ቴዎፍሎስ! እርስዎም?»

«ደሜ ናቸው አልኩህ!»

መቆጣት እንደማውቅ እትዬ መስክረውልኛል። በሩ ተከፈተ፣ ዊልቸር መጣ፣ አሮጊቷ ተቀመጡ፣ ነርሷ ኦክስጅን ልታመጣ ሮጠች። አሮጊቷ ግን እጄን አልለቀቁም። ትንፋሻቸውን አጠራቅመው ቀና ብለው አዩኝ።

«የኔ ልጅ፣ በማን በኩል ነው የምንዛመደው?»

«በእትዬ አልታየች በኩል» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ እንደሚያውቋቸው ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንዲያ ከሆነማ ቅርብ ነን» አሉኝ።