ሥራ ያስተማሩን አስተባባሪ

እግዚአብሔር ለምድረ መንዝ ብርድን፣ በግንና አቶ መኳንንትን ሰጥቷል። ሦስተኛው ሳይሰጠን በፊት ሥራ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። እናርሳለን፣ እናርማለን፣ እናጭዳለን፣ የበግ ጠጉር እንፈትላለን። ያ ኑሮ እንጂ ሥራ እንዳልሆነ ያስረዱን እሳቸው፣ የሴፍቲኔቱ አስተባባሪ ናቸው። «የዕርዳታ ስንዴ የሚሰፈርለት ሁሉ የሥራ ባህሉን ያዳብር ዘንድ እርከን ይሠራል!» አሉ። ግሩም ነው። ድንጋይ ከቁልቁለቱ ወደ ዳገቱ አጋዝን። እርከኑ ሲያልቅ፣ ሥራ የማግኘት መብታችን እንዳይጣስ ተብሎ፣ አፍርሰን እንደገና ካብነው።

ለእኔ ለአሮጊቷ እንኳ ይቀርልኝ ነበር። አቶ መኳንንት «እማማ አልጣሽ ደክመዋል መሰል» ቢሉኝ፣ «የደከመስ ያንተ ወገብ ነው!» ብዬ ትልቁን ድንጋይ አነሣሁ። ኩራት እንዲህ ያሸክማል።

ሰኔ ላይ የበልግ ገብሴ ደረሰ። በረዶ ያዘለ ደመናም ከተራራው ብቅ አለ።

«ልጄ፣ ገብሴን ልጨድ» አልኋቸው አቶ መኳንንትን።

«ከሥራ ቀርቶ ማጨድ ሥራ ፈትነት ነው፣ እማማ።»

«በረዶ ቢመታውስ?»

«አይዞዎት፤ ለከርሞ የባሰ ድኻ ይሆኑና ቅድሚያ ያገኛሉ።»

«ቅድሚያውን ለአንተ ቤት ያድርገው!» አልሁና ደቦ ጠራሁ። በእኛ አገር ለደቦ ተጠርቶ መቅረት ነውር ነው፤ እርከን ላይ የነበረው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ማሳዬ ገባ።

በዚያው ቀን እንግዶች ከበላይ መሥሪያ ቤት ከተፍ አሉ። እርከኑ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ብቻ ተቀምጧል። አቶ መኳንንት ላባቸው ጠብ እያለ ወደ እኛ አመጧቸውና፣ «እነሆ የሥራ ባህል ሠርቶ ማሳያችን!» ብለው ማጭዴን ነጠቁኝ። እንግዶቹም ኮታቸውን አወለቁ። በአንድ እጅ ያጭዳሉ፣ በአንድ እጅ ፎቶ ያነሣሉ። አንዱማ የገዛ ጫማውን ሊያጭድ ነበር።

«አንተ፣ ገብሱ ወዲህ ነው!»

በረዶው ሲወርድ ገብሴ ተከምሮ ነበር። ዋናው እንግዳ እጄን ጨብጦ፣ «እናቴ፣ እንዲህ የሚሠራ ሰው ዕርዳታ አያሻውም» አለና ስንዴዬን አስቀረብኝ፤ አብረውኝ ያጨዱትንም ሁሉ ከዕርዳታው መዝገብ ሰረዘ። «ያልሠራ አይብላ» እያሉ ሲያስፈራሩን ከረሙ፤ ስንሠራ ቢያዩን ከለከሉን።

«ታዲያ እንዴት እንመለስ?» አልኋቸው አቶ መኳንንትን።

«ሥራ ፈት መሆናችሁ ሲጣራ።»

ይኸው መንደሩ በሙሉ አጣሪ እየጠበቀ ደጃፌ ተደርድሯል። ትናንት ጎረቤቴ የምሥራች በልማድ እንዝርቷን ብታነሣ፣ ሁላችንም ባንድ ድምፅ ጮህንባት፦

«አስቀምጪ! ልታስርቢን ነው?»