ሁለት መቶ ሃምሳ ቃልና ሰማንያ ቀን

ልሳሳት እችላለሁ፤ ነገሩ የሆነው በፍልሰታ ጾም ይመስለኛል፣ ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ። እኔ እንኳን የዓመቱን የትናንቱንም ሦስት ጊዜ ካልቆጠርኩ አላምነውም።

በእኛ አገር ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምርና ግንዱ ላይ ሳንደርስ ይመሽብናል። የሳይንስ ጉባኤ ሰዎች ግን ሥሩንም፣ ግንዱንም፣ ፍሬውንም በሁለት መቶ ሃምሳ ቃል ላኩልን ይላሉ። እስቲ እናንተ ሞክሩት!

ያኔ ንፋስ መውጫ አጠገብ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። የታወቀ መድኃኒት ለምን ከሰው ደጅ እንደማይደርስ የሚያጠና ሳይንስ አለ፤ የዚያ ሳይንስ ጉባኤ የጥናት አጭር መግለጫ የሚልክ ይላክ አለ። የክትባት መዝገባችንን ገጽ በገጽ ቆጠርኩ። ሲወለዱ ከሚሰጠው ቀጥሎ ያለው የሕፃናት ክትባት በአርባ አምስት ቀን ነው። ወንዶቹ በቀናቸው ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ግን ከወር በላይ ይዘገያሉ። ደገምኩ፣ ሠለስኩ፤ ያው ነው። “ወላጆች ለሴት ልጅ ቸል ይላሉ” ብዬ ደመደምኩ። ልክ ሁለት መቶ ሃምሳ ቃል! አልተጠራጠርኩም። ልብ በሉ፣ እኔ!

መላኪያው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በልጅነቴ ዳዊት ያስደገሙኝ የኔታ ዓይናቸውን አሟቸው ጤና ጣቢያ መጡ። ቄስም የቅኔ መምህርም ናቸው፤ ትልቁን ሐሳብ በሁለት መስመር ጉባኤ ቃና ይቋጩታል። ስለ ማሳጠር ከእርሳቸው ሌላ ማንን ልጠይቅ? ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው።

“ማጠሩንስ አጥሯል” አሉ። “ለመሆኑ አገርህን እንዲህ የምታሳጣው ማን ነግሮህ ነው?”

“የኔታ፣ መዝገቡ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።”

“መዝገቡንስ የጻፈው አንተ አይደለህም እንዴ! እስቲ ንገረኝ፣ ወንድ በስንት ቀኑ ክርስትና ይነሣል?”

“በአርባ።”

“ሴትስ?”

“በሰማ…”

“ድሮም መቁጠር ታውቃለህ፤ ንባቡን ነው የምትዘለው” አሉኝ።

በእኛ አገር እናት ልጇ ክርስትና ሳይነሣ ይዛው ከደጅ አትወጣም። ወንዱ በአርባ ቀኑ ተነሥቶ በአርባ አምስቱ ይከተባል፤ ሴቷ ሰማንያዋን ትጠብቃለች። ይህን ስማዳም እስቴም ብትሄዱ ማንም ይነግራችኋል። እኔ ራሴ በአርባ ቀኔ የተነሣሁ ሰው ነኝ፤ መዝገብ ስይዝ ግን አገሬን ከበር ውጭ ትቼ እገባለሁ።

ምን ይሻላል? እንዳለ ብልከው የጎረቤቶቼን እናቶች በሐሰት መክሰሴ ነው፤ ላጣራ ብል ቀኑ ሊያልፍ ነው። በማግስቱ ሴት ልጅ ይዘው ለክትባት የመጡትን እናቶች አንድ በአንድ ጠየቅሁ።

“ክርስትና ሳትነሣ የት ይዣት ልውጣ?” አለች አንዷ፣ በአዘኔታ እያየችኝ።

ድምዳሜዬን ሰርዤ አዲስ ጻፍኩ፤ መብራት ሄዶ እስኪመለስ ጠብቄ፣ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ላክሁ።

ከወራት በኋላ መልስ መጣ፤ “እናዝናለን፣ አልተቀበልነውም” ይላል። በማሳጠርማ ከእኔ ይበልጣሉ።

አዝኜ ለየኔታ ብነግራቸው ሳቁ። “እኔስ ጉባኤም አላስፈለገኝ” አሉ። ለካ በየንስሐ ልጆቻቸው ቤት እየዞሩ፣ “ለክትባት መውጣት ክርስትናዋን አያስቀርም፤ በቀኗ ውሰዷት” ሲሉ ከርመዋል።

መምህሬም ቢሆኑ እኔ ሳላጣራ አላምንምና መዝገቡን ገለጥኩ። ከዚያ ወዲህ በአርባ አምስት ቀኗ የተከተበችው የመጀመሪያዋ ሴት ሕፃን የየኔታ የልጅ ልጅ ናት። ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።