ጥንቸል በአደራ

አንድ ጎረቤቴ ሰሞኑን ለልጆቹ ጥንቸል ገዝቶ፣ ምን ላብላት ብሎ ጠየቀኝ። ሣር አልኩት። ሣር ብቻ? አለኝ። ይቺ «ብቻ» የምትባል ቃል እናቴን አስታወሰችኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ጅማ፣ በቾ ቦሬ። ግቢያችን ተከራይተው ይኖሩ የነበሩት የእርሻ አስተማሪ፣ መምህር ማርቆስ፣ ወደ ሸቤ ተዛወሩ። ቤት እስኪያገኙ ጥንቸላቸውን ለእናቴ በአደራ ሰጧት። ደረቅ ቦታ ትደር፣ ጤዛ ያልነካው ሣር ትብላ፣ ንጹህ ውሃ አይጥፋባት፤ ጥርሷ ማደግ ስለማያቆም የምትቆረጥመው እንጨት ይኑራት አሉ። አለቀ። ለእናቴ ግን አላለቀም። በአደራ ለመጣ እንግዳ ሣር ብቻ? ሰው ምን ይላል?

አንድ ማለዳ ሣጥኑን ብትከፍት ጥንቸሏ አጎንብሳ የገዛ በጠጧን ትበላለች። እናቴ አለቀሰች። እውነቴን ነው፣ እንባዋ ወረደ። እኔ ቤት የገባ እንዲህ ይራብ? ጎረቤት እንዳያይ ሣጥኑን በነጠላ ሸፈነችው። ከዚያ ወዲያ የጥንቸሏ ኑሮ ከእኛ በለጠ። ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ሙዝ። ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ያመጣነው ስኳር ሻያችንን ትቶ እሷ ውሃ ውስጥ ገባ። እኔስ ብላት፣ አንተ አደራ ነህ እንዴ? አለችኝ።

በአራተኛው ቀን የጥንቸሏ ሆድ ተነፋ፤ መብላት አቆመች። እናቴም አቆመች። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ እያለች ትንጎራደዳለች። ጎረቤታችን አባ ዱራ፣ ማል ታቴ፣ ምን ሆነች ብለው ብቅ አሉ። ነጠላውን ገለጥ አድርገው ሆዷን ዳሰሱ። ሱብሃነላህ፣ ይቺ ጥጋብ እንጂ ረሃብ አልያዛትም፤ ድርቆሽና ውሃ ብቻ ስጫት አሉ። እናቴ ሁለት ቀን ሙሉ ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣ ሆዷን ስታሽላት ዋለች። በሦስተኛው ቀን ጥንቸሏ አንዲት ድርቆሽ ነከሰች። ያኔ የእናቴን ፊት ብታዩት!

መምህር ማርቆስ በወሩ መጡ፤ እናቴም ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው። እትዬ ዘውዴ፣ በጠጧን መብላት እኮ ተፈጥሮዋ ነው፤ ልነግርዎ ረስቼ ነው አሉ። እናቴ በሆዷ ምን እንዳለች እግዜር ይወቅ፤ በአፏ ግን ምንም አይደል አለች። አመስግነው፣ ውፍረቷን አድንቀው፣ አቅፈው ወሰዷት። እናቴ እስከ መናኸሪያ ሸኘች። መምህሩን እንዳይመስላችሁ፤ ጥንቸሏን ነው።

በሳምንቱ ከሸቤ የመጣ ሰው ወሬ ይዞ መጣ። መምህሩ አዲሱን ቤታቸውን ሲመርቁ ጥንቸሏን ወጥ ሠርተው እንግዳ ጋብዘውባታል። እናቴ፣ እንኳን ጥንቸል ልትበላ የተበላበትን ሰሃን የማትነካው ሴት፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አባ ዱራ ቤት ሄደች። የሰው አደራ የበላ አደራ በላ ይባላል፤ የራሱን አደራ የበላስ ምን ይባላል? ብላ ጠየቀቻቸው።

አባ ዱራ አሰቡ፣ አሰቡና፣ «ምሳውን የበላ ነዋ» አሉ።