የጡረተኛው ቀስት

ነገሩ የተጀመረው ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። አጎቴ፣ ዲላ ከተማ ከነበረው መሥሪያ ቤታቸው በጡረታ ተሰናብተው መንደራችን ኮንጋ በገቡ በሳምንቱ፣ ሠላሳ ዓመት ከጣሪያ ሥር የተሰቀለውን ቀስታቸውን አነሱ። ጡረታ ሲወጣ ዶሮ በማርባት ፋንታ ወጣትነቱን ከጣሪያ የሚያወርድ ሰው እርስዎም ሳይገጥምዎት አይቀርም።

"እንሰታችንን የሚቆፍረውን ከርከሮ ዛሬ እጥለዋለሁ" አሉ።

"መነጽርህስ?" አሉ ሚስታቸው፣ እትዬ አበበች።

"አዳኝ በመነጽር አያድንም።"

እምቢ ማለት የማይሆንልኝ እኔ ተከተልኳቸው። እንሰቱ መሃል ተንበርክከን ጠበቅን። ከርከሮው አመሻሽ ላይ መጣ። አጎቴ ቀስቱን ገትረው ለቀቁ፤ ፍላጻው አንድ ትልቅ እንሰት ውስጥ እስከ ላባው ገባ። እንሰት አይሸሽም፤ ቢሆንም መምታት መምታት ነው። ከርከሮው ቆም ብሎ አየንና፣ ሽማግሌ እንደሚያከብር ጨዋ ቀስ ብሎ ሄደ።

"የኔ ልጅ፣ ቆስሎ አመለጠ በይ" አሉኝ አጎቴ። "አለዚያ አበበች ዕድሜ ልኬን ትስቅብኛለች።"

ቤት ስንገባ እንዳሉኝ አልኩ። እትዬ አበበች ግን አልሳቁም፤ ደነገጡ። የቆሰለ ከርከሮ ሰው ይዘነጥላል። ወዲያው ለጎረቤት ሁሉ ነገሩ፦ "ነገ ከቤተ ክርስቲያን በፊት ደሙን ተከትለን እንፈልገው።" አጎቴ ራታቸውን አልበሉም።

በማግስቱ ማለዳ ቢላ ይዤ ቀድሜ ወጣሁ። ፍላጻውን ከእንሰቱ አውጥቼ ቀዳዳውን በጭቃ ደፈንኩ። ጎረቤቶቻችን ጦርና ገጀራ ይዘው ሲሰበሰቡ፣ ሰው ፊት ቆሜ የማላውቅ እኔ፣ ጎንበስ ብዬ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ የሌለውን ደም እየተከተልኩ መራኋቸው።